ገመድ የማይነኩት የጉተታ አዛዥ

ከባድ ነገር በሚነሳበት ቦታ ሁሉ አንድ የማያነሳ ሰው ይኖራል። ይህን ስል ስለ ሰነፍ ሰው ማውራቴ አይደለም። ሰነፍማ ከባድ ነገር ሊነሳ መሆኑን ሲሰማ ወገቡን ያመዋል፣ አክስቱ ትሞታለች፣ መኪናው አልነሳ ይለዋል፤ ብቻ በቦታው አይገኝም። እኔ የምለው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰውን ነው። ማቀዝቀዣ ከጭነት መኪና ሲወርድ፣ ሶፋ በጠባብ ደረጃ ሲወጣ፣ ጭቃ የያዘው መኪና ሲገፋ፣ ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል። እጁን ኪሱ ከትቶ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነገሩን ያጠናል። ከዚያ እናንተ ትንፋሽ አጥሯችሁ ጣታችሁ በሶፋውና በበሩ መቃን መካከል ሲላጥ፣ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል።

ይህ ሰው የሌለበት አገር የለም። የኛው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ የሚነሳው ከባድ ነገር ድብ ነው። ድብ መግደል ቀላል ነው አልልም፤ በተለይ እኛ እንደምናድነው፣ ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዙ በሚጎርስ የቅድመ አያት ጠመንጃ። አንዴ ከተኮሰ እንደገና ጎርሶ እስኪዘጋጅ ድቡ ጎረቤት አውራጃ ይደርሳል። ቢሆንም አደኑ ድቡ ሲወድቅ ያልቃል፤ ሥራው ያኔ ይጀምራል። ድብ ደግሞ የሚሞትበትን ቦታ ያውቅበታል። እስከ ዛሬ መኪና መንገድ ዳር የሞተ ጨዋ ድብ አላጋጠመኝም። ገደል ሥር ወርዶ፣ ውሻ እንኳ በሆዱ ተስቦ በሚያልፍበት ጥሻ ውስጥ ይጋደምና፣ እንግዲህ ወንድ ከሆናችሁ አውጡኝ ይላል።

ይህን ጊዜ ነው የጉተታው ጠቅላይ አዛዥ፣ የዳገትና የቁልቁለት ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር አጎት ቨርሊን ኦውንቢ ብቅ የሚሉት።

አጎት ቨርሊን ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ማንቁርታቸው ጎላ ያለ ሰው ናቸው። የማንም አጎት አይደሉም፤ ሁሉም ግን አጎት ይላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንዲት ድመት ጋር ይኖራሉ፤ ድመቷም ስትዘል በየት በኩል ማረፍ እንዳለባት ይነግሯታል የሚል ወሬ አለ። እኔ በአውራጃችን ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ፣ ስሜን ትተው «አንተ ጋዜጣ» ነው የሚሉኝ። በክፉ አይደለም። ጋዜጣ የሚባል ነገር በሳቸው ዓይን እሳት ለማቀጣጠል ይጠቅማል፤ እኔም ለአንድ ነገር እንደምጠቅም ተስፋ ያደርጋሉ።

የአዛዡ ትእዛዛት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ቆዩ» ነው። ይህ የሚታዘዘው ድቡ በብዙ መከራ ከጉድጓድ ወጥቶ እየተንሸራተተ በመጣበት፣ መቆም ፈጽሞ በማይቻልበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው «እኔ ብሆን በዚያ በኩል ነበር» የሚለው ሲሆን፣ የሚነገረው በዚህ በኩል ከተወጣ በኋላ ነው። ሦስተኛው ረቂቅ ነው፤ «ገመዱን ሳይሆን ድቡን አስቡት» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ የገባው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ድብ ሲጎትት የኖረው ክሊት አንድ ቀን ከልቡ ሞክሮት ነበር። ድቡን ባሰበው ቁጥር ክብደቱ እንደጨመረ ነገረኝ።

ሥልጣናቸው በድብ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የገዛ ወንድማቸው የሎንዞ ቀብር ላይ፣ ሬሳ ሳጥኑን ተሸክመን የመቃብሩን ቁልቁለት ስንጀምር ከኋላ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ቆዩ» የሚል ድምፅ መጣ። ቆምን። «ሎንዞ በሕይወቱም በራሱ በኩል ቁልቁል መውረድ አይወድም ነበር። አዙሩት።» በጠባቧ መንገድ ላይ ሳጥኑን ለማዞር ስንተራመስ አጥሩ ተነቀለ፣ አንድ የአበባ ጉንጉን ተረገጠ። ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ሰማይ ሰማይ እያዩ ጠበቁ። ሎንዞ በእግሩ በኩል ቀድሞ ወረደ። እንደወደደው ማንም አላረጋገጠልንም።

ሌላ ዓመት ደግሞ ድብ በሸራ ሸርተቴ መጎተት አባቶችን መናቅ ነው አሉ። «አባቶቻችን በዘንግ ነው የተሸከሙት። አራቱንም እግሩን እሰሩ፣ ዘንግ አሳልፉበት፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። እንደ ሙሽራ ነው የሚሄድላችሁ።» አሰርን፤ አሳለፍን፤ ተሸከምን። አባቶቻችን ሳይነግሩን የሞቱት ነገር ቢኖር በዘንግ የተንጠለጠለ ድብ እንደሚወዛወዝ ነው። ወደ ቀኝ ሲሄድ አራታችንም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲመለስ አራታችንም ወደ ግራ። ዥዋዥዌው እያደገ መጥቶ ጅረቱ ጋ ስንደርስ ክሊት ከነዘንጉ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ድቡም ላዩ ላይ ዐረፈ። አጎት ቨርሊን ከዳር ቆመው ሁኔታውን በጥሞና ተመለከቱና፣ «ይኸው፣ ድቡን አላሰባችሁትማ» አሉ።

ስለ ጠመንጃቸው ካልተናገርኩ ደግሞ ይቀየሙኛል። «አክስት ፕሩዲ» ይሏታል። ባልጩት የምትነክስ፣ ከሳቸው የምትረዝም፣ ከአራት አባት የወረደች ጠመንጃ ናት። ድብ ፊታቸው በመጣ ቁጥር ያነጣጥራሉ፣ ቃታውን ይስባሉ፤ ባልጩቱ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ጭስ ቡልቅ ትላለች፣ በቃ። ጥይቱ እዚያው ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከባሩድ መያዣው ቀንድ ባልጩቱ ወደሚለኩሰው የጠመንጃዋ ጆሮ የሚያፈሱት ባሩድ እኩሌታው ጫማቸው ላይ ይቀራል። እሳቸው ግን «ዘንድሮ ባሩዱ ሰነፍ ነው» ይላሉ። ባሩዱ እንግዲህ ሰነፍ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሥጋው ሲከፋፈል አጎት ቨርሊን እንደማንኛችንም እኩል ይወስዳሉ። የክፍፍላችን ወግ እንዲህ ነው። ድቡ ከወጣ በኋላ ወደ ሚስ ዴልፊያ ጎተራ ይወሰዳል። ሚስ ዴልፊያ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው የሚያከብራቸውና ትንሽም የሚፈራቸው አሮጊት ናቸው። ሥጋው ገበታው ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል። ሚስ ዴልፊያ ጀርባቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንዱ በቢላዋ አንዱን መደብ ነካ ያደርግና፣ «ይሄስ የማን ነው?» ይላል። እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ስም ይጠራሉ። የተጠራው ሰው መደቡን ያነሳል፤ ይግባኝ የለም። ለሳቸው ሞራው ይበቃቸዋል፤ ፓይ ለሚሉት ጣፋጭ መጋገሪያ ሊጥ ከድብ ሞራ የሚስተካከል የለም ይላሉ።

እንግዲህ ሥጋው ሥጋ ነው። ዋናው ነገር ስሙ ነው። በኛ አገር ስምህ በዚያ ግድግዳ ፊት ከተጠራ ከሰው ተቆጥረሃል። ሚስ ዴልፊያ የአንድን አዳኝ ስም መጥራት የሚያቆሙት ሰውየው ሲቀበር ብቻ ነው።

ዳስቲን የሚባለው ሰው ወደ ቡድናችን የገባው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ሠላሳ ዓመት አካባቢ ይሆነዋል፤ ክንዱ የኔን ጭን ያህላል፤ በዚያ ላይ ፍትሕ ወዳድ ነው። ጉልበትና ፍትሕ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አስቸጋሪ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከአደኑ በፊት እንደ ልማዳችን ለቁርስ ተሰብስበን፣ ሁላችንም በመረቅ የራሰ ብስኩታችን ላይ እንዳቀረቀርን ሹካውን አስቀመጠ።

«አጎት ቨርሊን፣ ቅር እንዳይልዎት። እኩል የምንካፈል ከሆነ እኩል እንጎትት። ገመድ ያልያዘ ሥጋ አይይዝም፤ ሕጋችን ይሁን።»

ክሊት ሽማግሌ ለመሆን ሞከረ፤ «ተው እንጂ ዳስቲን። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል አልሰማህም?» አለው።

«ሰምቻለሁ። አጎት ቨርሊን ግን ሎሚ ይዘው አይቼ አላውቅም።»

ከእኛው ጋር የሚያድኑት ሁለቱ የቡካነን ወንድማማቾች ሳቃቸውን ለመያዝ ሲሉ አንዱ ሌላውን ረገጠው። እኔ እንደ ማንኛውም ደፋር ጋዜጠኛ ጉሮሮዬን ጠረግኩና የበቆሎ ገንፎ ጨመርኩ። አጎት ቨርሊን የቡና ስኒያቸውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ወደ አፋቸው ወሰዱ። ክርክር ጠብቀን ነበር፤ እሳቸው በሕይወታቸው ያልተከራከሩበት ቀን የለም።

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉ።

የአደኑ ዕለት ተራራው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጋ። ውሾቹ ጠዋቱን አንድ ትልቅ አውራ ድብ ቀሰቀሱና ሸንተረር ለሸንተረር አባረሩት። መጀመሪያ በአጎት ቨርሊን በኩል አለፈ፤ አክስት ፕሩዲ ብልጭ ብላ ቀረች። ቀጥሎ በክሊት በኩል መጣ። የክሊት ጠመንጃ ጮኸች፤ ነጭ ጭስ ሁሉን ነገር ሸፈነው። ጭሱ ሲገለጥ ድቡ የለም፤ ጥሻው ውስጥ ግን ቅርንጫፍ ሲሰባበር ይሰማል፤ ድምፁም ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል ሄደ። ክሊት ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ። «ፖሊ ገደል ውስጥ ገባ» አለ።

ፖሊ በሚባለው ገደል ውስጥ ድብ የጣለ ሰው እንኳን ደስ ያለህ አይባልም፤ እግዚአብሔር ያጽናህ ይባላል።

ወርደን አገኘነው። ሆድ ዕቃውን አውጥተን፣ ሸራው ላይ አንከባለን፣ ገመዱን አሰርን። ያን ጊዜ አጎት ቨርሊን ቅርንጫፍ እየተደገፉ ወረዱ፤ ጠመንጃቸውን ከአንድ ዛፍ ጋር አስደገፉ፤ ምንም ሳይሉ መጥተው ከኔ ኋላ ገመዱን ያዙ።

ክሊት ከልማዱ የተነሳ ቀና ብሎ፣ «አጎት ቨርሊን፣ በየት በኩል እንውጣ?» አለ።

«ገመድ የያዘ አያዝም» አሉ።

ጎተትን። ዳስቲን ከፊት ሆኖ እንደ በሬ ይስባል፤ እኛ እየተንሸራተትን እንከተላለን። ስንናፍቀው የኖርነው ጸጥታ ይኸው መጣ፤ «ቆዩ» የሚል የለም፣ «በዚያ በኩል ነበር» የሚል የለም። ጥቂት እንደሄድን ግን ነገሩ ደስ እንደማይል ገባኝ። ድሮ ሸራው ሥር ግንድ ሲገባ ሁላችንም በአንድ ቃል አጎት ቨርሊንን ነበር የምንራገመው። አሁን የሚራገሙት ሰው ሲጠፋ ትልቁ ቡካነን ወንድሙን፣ «አንተ ድሮም አራተኛ ክፍል ከነበርክበት ጊዜ ጀምሮ የምትጎትተው በአፍህ ነው» አለው። ትንሹ ደግሞ የእናታቸውን ቤት ውርስ አነሳ። ክሊት ዳስቲንን «ይሄ ስፖርት ቤት አይደለም፣ ቀስ በል» አለው። ዳስቲን «የደከመው ይናገራ» ብሎ መለሰ። ማን ይናገራል? ወንድ ልጅ ደክሞኛል ይላል እንዴ? ለካ በዚያ ሁሉ ዓመት ዕረፍት ያገኘነው እሳቸው «ቆዩ» ሲሉ ብቻ ኖሯል። እየተሳደብን እናርፍ ነበር።

ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልሰማ ስል ዞር ብዬ አየኋቸው።

ገመዱን አልጨበጡትም። ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥመውታል፤ ጣቶቻቸው ከገመዱ ውጪ ተቆልምመው እንደ ደረቁ ቀርተዋል። አልዘረጋ፣ አልጨበጥ ያሉ ጣቶች ናቸው። ገመዱ በተወጠረ ቁጥር አንጓቸውን ይቆርጠዋል፤ ቆዳው ተልጦ ደሙ ወደ እጅጌያቸው ገብቷል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው መሬት ሳይነቅሉ በዚያ በደረቀ እጅ የድርሻቸውን ይጎትታሉ። ያ ሁሉ ጫማ ላይ የፈሰሰ ባሩድ፣ ያ ከኪስ የማይወጣ እጅ ያን ጊዜ ገባኝ። አንጀቴን በሉኝ።

ታዲያ ምን ይባላል? «ይልቀቁት፣ እኛ እንበቃለን» ብላቸው ከዚያ ገደል ሥር ድቡ ቢወጣ እሳቸው አይወጡም። ቆም አልኩና፣ «አጎት ቨርሊን» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «መንገዱ ጠፍቶናል።»

መንገዱ ወለል ብሎ ከፊታችን ይታያል። ራሳችን ያሰርነው ቀይ ጨርቅ በየዛፉ ላይ ይውለበለባል።

ዳስቲን፣ «ምን ይጠፋናል፣ ይኸው እኮ…» ሲል ክሊት በዚያ በከባድ ጫማው እግሩን ረገጠው። ክሊትም ዞር ብሎ አይቶ ኖሯል።

አጎት ቨርሊን መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቀዩን ጨርቅ፣ ቀጥሎ አንጓቸውን አዩ።

«ገመዱን ከለቀቅኩ…» አሉ። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳስቲን ወደ መሬት አየ እንጂ ግዴለም አላለም።

«ያለርስዎ አንወጣም» አልኳቸው። ይህን ስናገር ውሸቴን እንደሆነ እገምት ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት መሰለኝ።

ገመዱን በክርናቸው እየረዱ ከአንጓቸው ፈቱት። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ራቅ ብለው ቆሙ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተራራውን፣ ድቡን፣ እኛን አጠኑ።

«ቆዩ፣ ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ።

አምስታችንም እዚያው ዘጭ ብለን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሚስቴ ስትሰማ አላመነችኝም። ወለል ያለውን መንገድ ትተው በጅረቱ በኩል መሩን። ውሃው እስከ ወገብ ነበር፤ ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ። ድቡ አንድ ቋጥኝ ሥር ተወሽቆ ለማውጣት ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ተጣጣርን። እሳቸው በዳር በደረቁ እየሄዱ፣ «ገመዱን ሳይሆን ድቡን አስቡት እንጂ» ይላሉ። ትልቁ ቡካነን፣ «እኚህ ሽማግሌ ሳይገድሉን አይሞቱም» አለ፤ ወንድሙ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «እውነትህን ነው» አለው፤ የውርሱ ነገር እዚያው ውሃው ይዞት ሄደ። ዳስቲን ከሁላችንም አብልጦ ይራገም ነበር። ከሁላችንም አብልጦም ይስቅ ነበር። መኪናችን ጋ የደረስነው በሌላው መንገድ ቢሆን ልብሳችንን ቀይረን እራት በልተን በጨረስንበት ሰዓት ነው።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ዳስቲን ግን ሲስቅም ሕጉን የማይረሳ ሰው ነው። ጎተራው ውስጥ ሥጋውን የቆራረጠው እሱ ስለነበር፣ ገበታው ላይ ያስቀመጠው አምስት መደብ ነው። እኛ ስድስት ነን። አጎት ቨርሊን በሩ አጠገብ ቆመው መደቦቹን በዓይናቸው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ባርኔጣቸውን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ራሳቸው ላይ አስተካከሉት።

«እኔ ልሂድ። ድመቷ ትጠብቀኛለች» አሉ።

«ትጠብቅ» አሉ ሚስ ዴልፊያ። «ስልሳ ዓመት ቆመህ ያየኸውን ዛሬ ምን አስቸኮለህ?»

ከገመዱ ያስለቀቅኳቸው እኔ ነኝ። ወደ ሚስ ዴልፊያ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገርኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲህ አምላክ ይሁንህ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ክሊት ቢላዋውን ይዞ የመጀመሪያውን መደብ ነካ። «ይሄስ የማን ነው?» ትልቁ ቡካነን ተጠራ። ሁለተኛውን ነካ፤ የራሱ የክሊት ስም ወጣ። ሦስተኛው ከወገቡ በኩል ደህና ሥጋ ያለበት ነበር።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የቨርሊን ኦውንቢ።»

በሩ አጠገብ ያሉት ሰውዬ አልተንቀሳቀሱም። ዳስቲን በጨዋ ድምፅ፣ «ሚስ ዴልፊያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጎት ቨርሊን ገመዱን ለቀዋል። ሕግ አውጥተናል» አለ።

ሚስ ዴልፊያ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «እኔ የማየው ግድግዳውን ብቻ ነው፤ ገመድ አላየሁም። ስም ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ቀጥል ክሊት» አሉ።

አራተኛው ለትንሹ ቡካነን ወጣ። አምስተኛው ሲነካ ዳስቲን ወደኔ አየ፤ የቀረነው ሁለታችን ነን።

«የዳስቲን» አሉ ሚስ ዴልፊያ፤ ዞረውም እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ዳስቲን ባዶውን የገበታ ጫፍ አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ባልዲ አምጥቶ ገበታውን ያለ ወትሮው ደጋግሞ አጠበ።

አጎት ቨርሊን ቀስ ብለው መጥተው መደባቸው ላይ አጎነበሱ። ምስጋና የሚጠብቅ ካለ አያውቃቸውም። «ወገብ እንዲህ ነው የሚቆረጠው? በመጥረቢያ ነው እንዴ የመታችሁት?» አሉ። «አንተ ጋዜጣ፣ ና አንሳልኝ።»

አነሳሁላቸው። ከጎተራው እስከ መኪናቸው ድረስ ከኋላዬ እየመሩኝ ሄድን። እሳቸው ባሉት በኩል ስሄድ አንድ ጋሪ አደናቀፈኝ፤ እሳቸው ባሉት በኩል ስዞር የውሻ ውሃ መጠጫ ረገጥኩ። ሥጋውን ከኋላ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ «ያንተስ መደብ የታለ?» አሉኝ።

«መኪናዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

መኪናዬን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከኋላው ትርፍ ጎማና አንድ የረጠበ ካልሲ ብቻ ነው ያለበት።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብቅ በል» አሉ። «የሚቆርጥ ቢላዋ ይዘህ ና። የኔ ዶልዱሟል።»

ሚስቴ የሆነውን ስነግራት ሦስት ቀን ያህል በአጭሩ ነው ያነጋገረችኝ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ጥብስ ነበረ። እሁድ ግን ቢላዋውን ራሷ ስላ ሰጠችኝ፤ የፖም ማርማላታም ጨመረችበት።

አጎት ቨርሊን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዘዙኝ። ሽንኩርቱን ከመላጤ በፊት ከተፍኩ። ድንቹን እንዳሉኝ ሳላጥበው ጨመርኩ። እሳቱን ከፍ አድርግ ሲሉኝ ከፍ፣ ዝቅ አድርግ ሲሉኝ ዝቅ አደረግኩ፤ ሁለቱም ጊዜው አልነበረም። የበቆሎው ዳቦ አንዱ ጎን አረረ። ድመቷ ሁኔታውን አይታ ወጥታ ሄደች።

እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ይህን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን ሲሰሙ፣ አርእስቱ ገጹ ላይ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት ይሉኛል እንጂ ሌላ አይሉኝም።

ምግቡ ሲቀርብ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ እጆቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጧቸው። እኔም ሳህናቸውን ወደኔ ሳብኩና ቢላዋዬን አነሳሁ።

«በጅማቱ ርዝመት ነው የሚቆረጠው» አሉኝ። «አቋርጠኸው እንዳታበላሸው።»

የድብ ሥጋ ጅማቱ ተቋርጦ ካልተቆረጠ ጥርስ እንደማይበግረው ይህን አገር የረገጠ ሁሉ ያውቃል። እንዳሉኝ አድርጌ ቆረጥኩላቸው፤ የኔንም እንደዚያው ቆረጥኩ። ሁለታችንም እስኪመሽ አኘክን።